ከሄርማታ ገበያ እስከ ሕፃናቱ ክፍል፦ የሰውን ልቦና ፍለጋ በጅማ ምድር

የሐሙስ ገበያና የሌሊት ከበሮ

ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ሲገዙ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሐሙስ በመጣ ቁጥር ሄርማታ በሰው ትጥለቀለቅ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ ገበያው ከበታቹ ሜዳው ላይ ነው። ከካፋና ከዚያ ወዲያ ካሉ አገሮች የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይመጣል፤ ከሰሜን አሞሌ ጨው ይወርዳል፤ ነጋዴው ማርትሬዛ ይቆጥራል፤ ቡናው በበቅሎ ይጫናል። ሰውም ይሸጥ ነበር። ስለ ሄርማታ ሲወራ የገበያው ድምቀት ብቻ ይነሣል፤ ከዚያ ሜዳ ተሸጠው የወጡት ሰዎች ግን የዚህ ትረካ መነሻ ናቸው።

በዚያ ዘመን ጅማ ባለችበት በግቤ አገር ልቡ የታወከ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ልጅ የሞተባት ወይም ከጎረቤቱ ተጣልቶ ውስጡ የሻከረ ሰው የሚሄድበት ቦታ ነበረው። በኦሮሞው ዘንድ ቃሉ የሚባለው የእምነት መሪ በአምልኮ ቤቱ በገልማው ውስጥ ይቀመጣል። ሲመሽ ከበሮ ይመታል፤ እጣን ይጨሳል፤ ቡና ይፈላል፤ ሰዉ እያጨበጨበ ያዜማል። መንፈሱ፣ አያናው፣ ሲወርድ የቃሉ ድምፅ ይለወጣል። ባለጉዳዩ ችግሩን ይናገራል፣ ይጠየቃል፣ ይመልሳል፣ ስለት ይሳላል። በካፋም ኤቆ የሚባለው መንፈስ ያደረበት አላሞ እንዲሁ የሕዝቡን ጉዳይ ይሰማ ነበር። እስልምና በጅሬን ቤተ መንግሥት ከጸና በኋላም ልማዱ ጨርሶ አልጠፋም።

ከውጭ ለሚያየው ይህ ሁሉ ጭስና ጩኸት ነው። ውስጡ ላለው ግን ሥራ የሌለው ሰው አልነበረም። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ሴቶቹ ቡናውን ያቀርባሉ፣ የታመመችው ትጠየቃለች፣ ዘመድ ስለ እሷ ይመልሳል። በሽታውም የአንዲት ሴት ገመና ሆኖ ከመደበቅ ይልቅ ሁሉም የሚሳተፍበት ጉዳይ ይሆናል። እናትና አባት፣ አማትና ምራት ያልተነጋገሩትን ነገር መንፈሱ በአደባባይ ይናገረዋል።

ከግቤና ከአካባቢው አገሮች የተሸጡት፣ በተለይም ሴቶቹ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ዓረብ አገር ገቡ። በ1885 መካ የከረመው የኔዘርላንድ ምሁር ክርስቲያን ስኑክ ሁርግሮንዬ፣ በከተማይቱ ሴቶች ዘንድ ዛር የሚባል ነገር እንዳለ ጽፏል። ዛሩ የያዛት ሴት ትታመማለች፤ ባለ ሙያ ሴት ተጠርታ ከበሮ ይመታል፤ ዛሩ ቀሚስ ወይም ጌጥ ይጠይቃል፤ ባል ይከፍላል። በሱዳን፣ በካይሮና በባሕረ ሰላጤው ዳርቻም ተመሳሳይ ስብሰባ ነበር። የዛር ምንጩ ምሁራንን ዛሬም ያከራክራል፤ ብዙዎቹ ግን ለስርጭቱ ትልቁን ድርሻ ለኢትዮጵያውያን ባሮች ይሰጣሉ። ስሟን፣ ቋንቋዋንና ዘመዷን የተነጠቀች ሴት ቅሬታዋን የምታሰማበትን መድረክ ይዛ ሄደች ማለት ነው።

1932፦ የጎንደሩ ታዛቢ

አባ ጅፋር ባረፉበት በ1932 ሰሜን ውስጥ ሌላ ነገር እየሆነ ነበር። በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ የዳካር-ጅቡቲ ጉዞ ጎንደር ሰፍሮ ነበር። የጉዞው ጸሐፊ ገጣሚው ሚሼል ሌሪስ፣ መልካም አየሁ ወደምትባል ስመ ጥር ባለ ዛር ቤት በአስተርጓሚው በአባ ጄሮም ገብረ ሙሴ መሪነት መመላለስ ጀመረ። ልጇ እማዋይሽም ዘፈኖቹን ትነግረው ነበር።

ሌሪስ መጀመሪያ ማስታወሻ ደብተር ይዞ ዳር ተቀመጠ። የዛሮቹን ስም፣ ወገናቸውን፣ የሚወዱትን ቀለምና የሚጠይቁትን ግብር ጻፈ። ቤቱ ግን ዳር ተቀምጦ መጻፍን አይወድም፤ እንግዳ የሚያመጣው ነገር ይኖራል። እሱም ለመሥዋዕት የሚሆን እንስሳ እየገዛ አቀረበ፤ ቡናውን ጠጣ፤ ጉሪ የሚባለው የዛር ውዝዋዜ ሲወረድ ከሴቶቹ መካከል ሆኖ አደረ። ከጥቂት ወራት በኋላ በዕለት ማስታወሻው ላይ የተያዙትን ከማጥናት ራሱ ቢያዝ እንደሚመርጥ እስከመጻፍ ደረሰ። ተመልሶም በዚያው ሳምንት ሴቶቹ ገንዘቡን ፈልገው እንደሆነ ይጠራጠራል። ያም ጉዞ ቢሆን ከጥርጣሬ ነጻ አይደለም፤ የአባ እንጦንዮስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አውርዶ ፓሪስ የወሰደው ይኸው ቡድን ነው።

ሌሪስ ያየውን ለማብላላት ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጀበት። በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ የጎንደርን ዛር ከቲያትር ጋር አስተያየው። ባለ ዛሯ ታስመስላለች ወይስ የእውነት ተይዛለች የሚለው ጥያቄ ራሱ ልክ አይደለም አለ። ዛሩ እንደ ገጸ ባሕርይ የራሱ ስም፣ ጠባይና ልብስ አለው፤ ሴቲቱም በዚያ ገጸ ባሕርይ ውስጥ ትኖርበታለች እንጂ ለታዳሚ ብላ አትጫወተውም። በአውሮፓ ታዳሚውን ከመቀመጫው አስነሥቶ የትዕይንቱ አካል የሚያደርግ ጥበብ ገና ሲወራለት፣ የጎንደር ሴቶች ከዚያ አልፈው ሄደው ነበር።

የጥያቄ ወረቀቱ ዘመን

ከ1936 እስከ 1941 ጣሊያን ጅማን የጋላና ሲዳማ ግዛት ዋና ከተማ አደረጋት። ዛሬ በመሐል ከተማ የሚታዩት አሮጌ ሕንፃዎች ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ናቸው፤ የጅማ ሆስፒታልም ጅማሮው ከዚያው ነው። አዲስ አበባ ላይ የተሠራው አማኑኤል ሆስፒታል ደግሞ ከነጻነት በኋላ የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ቆየ። የጅማ ሰው ታማሚውን ይዞ አማኑኤል ለመድረስ ወደ 350 ኪሎ ሜትር መጓዝ ነበረበት።

በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ይሠራ የነበረው የኔዘርላንድ የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጊል፣ ከባልደረቦቹ ጋር ወደ ክፍለ ሀገር ወጣ። በ1968 በጅማ መንገድ ላይ ባለችው በጊዮን፣ በዛሬዋ ወሊሶ፣ ስለሚካሄደው የእምነት ፈውስና ስለ መንፈስ መያዝ ጻፉ። በ1969 ስለ አንዲት ትንሽ ከተማ፣ በ1970 ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ስላለች አንዲት የገጠር መንደር የአእምሮ ሕመም መጠን አሳተሙ። እስከዚያ ድረስ በአውሮፓውያን ዘንድ የአእምሮ ጭንቀት የሠለጠነ ከተሜ ሕመም ነው የሚል ወግ ነበር። እነዚህ ጥናቶች የገጠር ሰውም ልቡ እንደሚታመም በቁጥር አሳዩ።

ከዚያ ወዲህ ቁጥር ዋናው መንገድ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1980 አካባቢ ያስተዋወቀው፣ አዎ ወይም አይደለም ተብሎ የሚመለስ መጠይቅ ወደ አማርኛ ተተረጎመ። ጥያቄዎቹ ቀላል ይመስላሉ። እንቅልፍ በደንብ ይወስድሃል? ምግብ ይስማማሃል? ሊጎዳህ የሚፈልግ ሰው ያለ ይመስልሃል? ሰዎች ከሚያስቡህ በላይ ትልቅ ሰው ነህ? ከየት እንደመጣ የማታውቀው ድምፅ ትሰማለህ?

እስቲ ይህን ወረቀት ይዘን በጅማ ዙሪያ ባሉት በጎማ ወይም በሊሙ አንድ የቡና ገበሬ ደጅ እንቁም። ከወንድሙ ጋር በድንበር ተካሶ ወረዳ የሚመላለስ ሰው፣ ሊጎዳህ የሚፈልግ አለ ወይ ሲባል አዎ ይላል፤ እውነቱን ነው። አባቱ ባላባት የነበረ ሽማግሌም ከሚያስቡህ በላይ ትልቅ ነህ ሲባል አዎ ሊል ይችላል። ጠያቂው ጋቢውን የለበሰ የጎረቤት ልጅ ሳይሆን ነጭ ካፖርት የለበሰ እንግዳ ከሆነ ደግሞ፣ ነገሩ መድኃኒት ያስገኛል ወይስ መዘዝ የሚለው ስሌት ይገባበታል።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። ፍራንክ ኮርትማን የተባለው የኔዘርላንድ የአእምሮ ሐኪም ከባልደረባው ጋር በ1988 ባሳተመው ጥናት መጠይቁን ኢትዮጵያ ውስጥ ፈተነው። ተጠያቂዎቹ መልስ ከሰጡ በኋላ ጥያቄውን እንዴት እንደተረዱትና ለምን እንደዚያ እንደመለሱ ሲጠየቁ፣ የመልሱ ትርጉም በመረዳት ጉድለትና በተጠያቂው ፍላጎት እንደሚዛባ ታየ። ወረቀቱ የጠየቀው ሌላ፣ ሰውየው የመለሰው ሌላ ነበር። መጠይቁ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ጠንቃቃ ተመራማሪ ሰውን አዎና አይደለም ውስጥ ከማስገባቱ በፊት ቁጭ ብሎ ማውራትን ተማረ።

ተማሪውን ወደ መንደር

ጅማ በዚህ ረገድ የራሷን መንገድ የያዘችው በ1983 ነው። በዚያ ዓመት የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መርሑ አደረገ። የሕክምናም የነርስም ተማሪ በየዓመቱ ሳምንታት ወስዶ መንደር ይወርዳል፤ ቤት ይቆጥራል፣ ጉድጓድ ያያል፣ ከእናቶች ጋር ይቀመጣል፤ የሰበሰበውንም ለዚያው ሕዝብ መልሶ ያቀርባል። በ1999 ኢንስቲትዩቱ በ1952 ከተመሠረተው የእርሻ ኮሌጅ ጋር ተዋህዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን መርሑም አብሮ ተሸጋገረ።

በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ አማኑኤል ውስጥ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች መሠልጠን ጀመሩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በጅማ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ ተከፈተ፤ ለደቡብ ምዕራቡ ሕዝብም አማኑኤል ሳይሄድ የሚታይበት ቦታ ተገኘ። ወደ ክሊኒኩ የሚመጣው ሰው ብዙ ጊዜ ጸበሉን፣ ዱዓውን ወይም ቃልቻውን አስቀድሞ ሞክሮ ነው። ሐኪሙም ይህን ሳይጠይቅ የታማሚውን ታሪክ ሙሉ ሊያውቅ አይችልም። ቆየት ብሎ ዩኒቨርሲቲው ከሙኒኩ ሉድቪግ ማክሲሚሊያን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ክሊኒካዊውንና ማኅበረሰባዊውን የአእምሮ ጤና ያጣመረ የማስተርስ ትምህርት ጀመረ።

ፍራሽ ላይ የሚለካ ነገር

የጅማ ተመራማሪዎች ከደጃቸው ያገኙት ትልቁ ጥያቄ ጫት ነበር። ጫት በዚህ አገር ቅጠል ብቻ አይደለም። ከምሳ በኋላ ፍራሽ ይነጠፋል፣ እጣን ይጨሳል፣ ቡና ይፈላል፣ በርጫው ይጀመራል። መጀመሪያ ጨዋታው ይደራል፤ ሁሉም ያወራል። ቆይቶ ምርቃናው ሲመጣ ሰዉ ዝም እያለ ወደ ውስጡ ይገባል፤ ዕቅድ ይነድፋል፣ ያልሠራውን ቤት ይሠራል። ማምሻውን አንዳንዱ ምርቃናውን ለማውረድ ወደ መጠጡ፣ ወደ ጨብሲ፣ ይሄዳል። ያቆመ ሰው ደግሞ ሌሊት ዱካክ የሚባለው ቅዠት ያስጨንቀዋል።

ይህን ሥርዓት የማያውቅ ሰው ስንት ጊዜ ትቅማለህ ብሎ ቢጠይቅ ምንም አያገኝም። ዱዓ ለማድረግ ከአባቶቹ ጋር ከሰዓት የሚቅመውና ጠዋት አልጋው ላይ ሆኖ ለብቻው የሚጀምረው ሁለቱም በየቀኑ ነው የሚሉት። ስለዚህ ጥናቶቹ ሰዓቱን፣ መጠኑንና ከማን ጋር እንደሆነ መጠየቅ ነበረባቸው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ከጀርመን ባልደረቦቻቸው ጋር በግልገል ግቤ አካባቢ ባሉ ወንዶች ላይ ያደረጉትን ጥናት በ2017 ሲያሳትሙ አንድ ነገር ጎልቶ ወጣ። ጫትና የቅዠት ወይም የጥርጣሬ ምልክቶች ያላቸው ዝምድና፣ በሕይወቱ ከባድ አስደንጋጭ ነገር ባለፈበት ሰው ላይ ይበረታል። ጥያቄው እንግዲህ ቅጠሉ ምን ያደርጋል ከሚለው አልፎ፣ ፍራሹ ላይ የተቀመጠው ሰው ምን ተሸክሞ መጣ ወደሚለው ደረሰ። የገልማው ቃሉ ባለጉዳዩን መጀመሪያ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነበር።

አሥር ጡብና አንዲት ቃጭል

ከዚህ ሁሉ ርቆ የሄደው ሥራ ግን መናገር ገና ባልጀመሩ ሕፃናት ላይ የተሠራው ነው። ሕፃን መጠይቅ አይሞላም። ልቦናው የሚታየው ሲጫወት ነው።

በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ ዊሊያም ፍራንክንበርግና ጆሳያ ዶድስ በ1967 ያወጡትና በ1992 የታደሰው የዴንቨር ፈተና ይህን መሠረት ያደረገ ነው። የመርማሪው ቦርሳ ሲከፈት የሚወጣው የአሻንጉሊት ሱቅ ዕቃ ይመስላል፦ ቀይ የክር ኳስ፣ ዘቢብ፣ ኩሽኩሽ የሚል መጫወቻ፣ አሥር ባለ ቀለም የእንጨት ጡቦች፣ ጠባብ አፍ ያላት ጠርሙስ፣ ቃጭል፣ የቴኒስ ኳስ፣ አሻንጉሊት፣ ኩባያና ቀይ እርሳስ። ሕፃኑ ዘቢቧን በሁለት ጣቱ ያነሣታል ወይስ በመዳፉ ይጠርጋታል? ስንት ጡብ ይደራርባል? አሻንጉሊቷን ይመግባታል? በእንቅስቃሴ፣ በእጅ ቅልጥፍና፣ በቋንቋና በማኅበራዊ ጠባይ 125 ነጥቦች ይታያሉ።

ችግሩ ዴንቨር ሌላ፣ ጅማ ሌላ መሆኑ ነው። ከፍ ያለው ልጅ ጠረጴዛ፣ መጋረጃና ጣሪያ ምን እንደሆኑ እንዲናገር ይጠየቃል። መጋረጃ በሌለው ጎጆ ያደገ ልጅ ዝም ቢል ያላወቀው መጋረጃን ነው፤ አእምሮው ሰነፍ ነው ማለት አይደለም። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ተክሉ ገመቹ አበሳና ባልደረቦቻቸው ከቤልጅየም ዩኒቨርሲቲዎች ምሁራን ጋር ሆነው ፈተናውን ተረጎሙ፤ ለአካባቢው እንግዳ የሆኑትን ነጥቦች አስተካከሉ፤ ከ1500 በላይ ጤነኛ ሕፃናትን አይተውም የጅማ ልጅ ምኑን በስንት ወሩ እንደሚችል የራሱን ሚዛን አወጡ። በ2016 የታተመው ይህ ሥራ ዴንቨር ሁለት-ጅማ ተባለ። ስሙ የአንዲት ከተማ ሕፃናት በሌላ ከተማ ልጆች ልክ አይመዘኑም የሚል ፍርድ ይዟል።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ይበልጥ ከባድ ነው። በከፍተኛ የምግብ እጥረት ተጎድቶ ሆስፒታል የገባ ሕፃን የሚድነው በተመጣጠነ ወተትና በመድኃኒት ነው። ሰውነቱ ሲያገግም አእምሮውስ? በጃማይካ ሳሊ ግራንታም-ማክግሬጎርና ባልደረቦቿ በ1980ዎቹ 129 የቀነጨሩ ሕፃናትን ተከታትለው ነበር። የጤና ሠራተኛ በየሳምንቱ ቤት ድረስ ሄዳ ከእናቲቱ ጋር ሆና ከፊሎቹን ለሁለት ዓመት አጫወተች። ከሃያ ዓመት በኋላ እነዚያ ልጆች ካልተጫወቱት 25 በመቶ የሚበልጥ ገቢ ነበራቸው።

ጅማ ላይ 339 በከፍተኛ ምግብ እጥረት የተጎዱ ከስድስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኙ። ለሌሎቹ በዚያ ላይ ጨዋታ ተጨመረላቸው፤ መጀመሪያ ሆስፒታል ውስጥ፣ ከዚያም ቤታቸው ከተመለሱ በኋላ ለስድስት ወር። አስታማሚዋም ከጨዋታው ውጭ አትሆንም፤ ልጇን እንዴት እንደምታጫውት እያየችና እየሞከረች ትለማመዳለች። በ2019 የታተመው ውጤት የሚያኮራም የሚያስጨንቅም ነበር። ሆስፒታል ሳሉ የተጫወቱት ሕፃናት በእግርና በመላ ሰውነት እንቅስቃሴ በለጡ፤ ቤታቸው ሳሉ ደግሞ በእጅ ቅልጥፍና በለጡ። በቋንቋና በማኅበራዊ ጠባይ ግን ልዩነት አልታየም።

ከቅንጡው ማሽን እስከ ጤና ኤክስቴንሽኗ

በዚያው ሰሞን አዲስ አበባም የሰው ሠራሽ አእምሮን ነገር ለሕዝብ ማሳየት ጀምራ ነበር። በ2018 ሮቦቷ ሶፊያ መጣች፤ የሶፍትዌሯን አንድ ክፍል የሠሩት የአይኮግ ላብስ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ናቸው። አማርኛ ልትናገር ተጠብቃ፣ የአካሏ ክፍሎች ያሉበት ሻንጣ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ጣቢያ ላይ ጠፍቶ ነገሩ ተሰናከለ። በ2022 ደግሞ የኢትዮጵያ ሳይንስ ሙዚየም ተከፈተ፤ ጎብኚው በጉልላቱ ሥር ተቀምጦ ትዕይንቱ ዙሪያውን ይከበዋል። ልጆቻችን እንዲህ ያለ ቦታ ማግኘታቸው መልካም ነው።

ሆኖም ከገልማው እስከ ሕፃናቱ ክፍል የመጣንበት መንገድ የሚያሳየው ሌላ ነው። እዚህ አገር የሰው ልቦና ሲታይ የኖረው ሰውየው ድርሻ ኖሮት ሲገባበት ነው፤ የጠያቂውም ብርታት የሚታወቀው ወረቀቱን አስቀምጦ ከባለጉዳዩ ጋር ቁጭ ሲል ነው። የጅማው ሙከራ በቋንቋ ላይ ያላመጣውን ለውጥም ከዚህ አንጻር ባየው ደስ ይለኛል። ጃማይካ ላይ ሁለት ዓመት የተሠራው ጅማ ላይ የተሠራው ስድስት ወር ነው። ጡብ መደርደር በሳምንታት ይለመዳል፤ ልጅ አፉን የሚፈታው ግን ሳይታክት መልሶ የሚያወራው ትልቅ ሰው ሲያገኝ ነው።

መጫወቻው አያስወድድም፤ ከእንጨት ቁራጭ፣ ከጨርቅና ከባዶ ጠርሙስ ይሠራል። የሚያስወድደው በየሳምንቱ በር የምታንኳኳዋ ሰው ናት። እሷም አለች፤ በ2003 በተጀመረው መርሐ ግብር የተሠማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በጎማም በሊሙም በየመንደሩ ይዞራሉ፤ ክትባትና ምጥን ምግብ፣ የመጸዳጃ ጉድጓድና የወሊድ ክትትል ይጠይቃሉ። የቀጣዩ ምዕራፍ ጥያቄ ቅጻቸው ላይ ለጨዋታ አንድ መስመር፣ ከጊዜያቸውም ግማሽ ሰዓት ይገኝ እንደሆነ ነው። ከተገኘ ጅማ ሚዛኑንም ልምዱንም ይዛ ትጠብቃለች።